ሊጡም አንጀቴም እምቢ ያሉበት ዓመት

መጀመሪያ የታመምኩ ቀን እጄ ላይ ትሪ ነበር። ጁባ፣ ቶንፒንግ፣ አየር ማረፊያው አጠገብ በከፈትኩት ምግብ ቤት ውስጥ ምሳ ሰዓት ነው። ለአራት ሰው የሚሆን በያይነቱ ተሸክሜ ወደ በረንዳው ስወጣ ከእምብርቴ በታች የሆነ ነገር ጨምድዶ ያዘኝ። ቁርጠት ነው ያልፋል ብዬ ሁለት እርምጃ ሄድኩ። አላለፈም። ትሪውን ምንም ያላዘዘ ሰው ጠረጴዛ ላይ ጥዬ ወደ ጓሮ ሮጥኩ። ስመለስ ሰውዬው ግማሹን በልቶታል፤ ያዘዙት አራቱ ደግሞ እየሳቁ ያዩታል። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ያን ቀን ደም አላየሁም። ደም ያየሁት ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው።

ይህን የምጽፈው እንደኔ ሆዳቸውን ታመው ለማንም ላልተናገሩ ሰዎች ነው። አስካለ እባላለሁ። ሐኪም አይደለሁም፤ ምግብ አብሳይ ነኝ። ከአዲስ አበባ ወደ ጁባ የመጣሁት የሰሜንና የደቡብ ሱዳን ሰላም በተፈረመ በዓመቱ ነው። የበሽታዬን ስም እስካውቅ ከአንድ ዓመት በላይ ፈጅቶብኛል። ያ ሁሉ ጊዜ የጠፋው በሐኪም እጥረት ነው ብል ደስ ይለኝ ነበር። አይደለም፤ በግትርነቴ ነው።

ደሙን ያየሁ ጊዜ የመጀመሪያ ሐሳቤ "ልሞት ነው" አልነበረም። "ሰው እንዳይሰማ" ነበር። ከኛ ትንሽ ራቅ ብሎ አንድ ምግብ ቤት ነበር፤ ወጥ ሠሪዋን ታይፎይድ ያዛት ተብሎ ተወራ። ልጅቷ የያዛት ወባ ነበር። ቤቱ ግን በወሩ ተዘጋ። ምግብ የምትሸጥ ሴት ራሷን አመማት፣ ወገቧን አመማት ቢባል ሰው "አይዞሽ" ይላታል። ሆዷን አመማት ከተባለ ግን ማን ከእጇ ይጎርሳል?

እኛ ሐበሾች ያኔ ጁባ ላይ አንድ የጋራ ሐኪም ነበረን፤ ልምድ ይባላል። ሆድ ከሆነ ሜትሮኒዳዞል፣ ትኩሳት ከጨመረበት ሲፕሮ፣ አንዱ ካልሠራ ሁለቱም ባንድ ላይ። ከአገር ቤት የሚመጣ ሰው በርበሬና ሽሮ ሲያመጣ ከሻንጣው ጥግ ክኒንም አይጠፋም። አንድ ቀን ብቻ ተደብቄ ላብራቶሪ ሄድኩ። ከጣቴ ደም ወሰዱና ታይፎይድም አሜባም አለብሽ አሉኝ። በዚያን ጊዜ ጁባ ውስጥ ተመርምሮ ታይፎይድ የለብህም የተባለ ሰው አላውቅም። ክኒኑን ገዛሁ። ለአምስት ቀን ተሻለኝ። ያሳሳተኝ ይሄ መሻል ነው። በስድስተኛው ቀን ደሙ ሲመለስ "መድኃኒቱ አንሶ ነው" ብዬ ደገምኩት። ከዚያ ሠለስኩት። ከዚያ በኋላ መቁጠር ተውኩ።

ባዶ የክኒን ማሸጊያዎቹን ቆሻሻ ውስጥ ብጥላቸው ሠራተኞቹ ያዩብኛል ብዬ ወጥ ቤት መደርደሪያው ላይ በነበረ ትልቅ የዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ እደብቃቸው ነበር። ጣሳውን ከምስር ክኩ ጀርባ አስቀምጬዋለሁ። እዚያ ማንም አይነካውም ብዬ አምኜ ነበር።

ኛማልን እዚህ ላይ ላስተዋውቃችሁ። ኑዌር ናት። ጋምቤላ አድጋ፣ አዲስ አበባ ሰው ቤት ሠርታ፣ ከሰላሙ በኋላ ነው አገሬ ብላ የተመለሰችው። ሦስት ልጆች አሏት፤ ሎሎጎ ሰፈር ትኖራለች። አማርኛዋ ከኔ ይጠራል፤ ተረት ስትተርት ደግሞ የጎጃም ባልቴት ታስንቃለች። ቤቱን የከፈትነው አብረን ነው ማለት ይቻላል፤ እኔ ወጡን፣ እሷ እንጀራውን። በቀን አሥር ጊዜ ወደ ጓሮ ስመላለስ ታየኛለች። "ጾሙ ነው፤ ባቄላው አልተስማማኝም" እላታለሁ። እሷም ሊጧን እያማሰለች "ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ" ትላለች፤ ሌላ ነገር አትጨምርም።

ክኒኑ አልሆን ሲል በሽታው ያለው ወጥ ቤቴ ውስጥ ነው አልኩ። ውኃችን የሚመጣው በቦቴ ከዓባይ ተቀድቶ ነው፤ እሱን ጠረጠርኩ። ሳህኑን በበረኪና፣ ወለሉን በበረኪና፣ እጄን በበረኪና። አንድ ቀን ኛማል ገበያ እንደሄደች የሊጡን በርሜል ገልብጬ እሱንም በበረኪና ፈተግኩት። ከአዲስ አበባ በውኃ ጠርሙስ ይዤው የመጣሁት፣ ሁለት ዓመት ሙሉ በየቀኑ እየተተካ የኖረው እርሾ በጓሮው ቦይ ወረደ። ንጹሕ የሆነ ነገር ሁሉ ጤና ይሰጣል ብዬ አምን ነበር። አዲስ ሊጥ አቡክቼ ከደንኩት። በአራተኛው ቀን ከላዩ ላይ ሮዝና አረንጓዴ ሻጋታ አብቅሎ አገኘነው።

ኛማል በርሜሉ ላይ ጎንበስ ብላ አሸተተችው። "እትዬ፣ እርሾውን የት አደረግሽው?" አለችኝ።

"አጸዳሁት።"

"ገደልሽው እንጂ! እርሾ ካለ እኮ ሻጋታ ቦታ አያገኝም።"

ተናደድኩባት። እውነቷን ስለሆነ ነው የተናደድኩት። ከዚያ ወዲያ ሁለት ጊዜ ሞከርን፤ ሊጡ እምቢ አለ። እንጀራ ከውጭ እየገዛን መሸጥ ጀመርን።

ቀጥሎ አፌ ከዳኝ። ምላሴ ላይ እርጎ የመሰለ ነጭ ነገር ተጋገረ፤ ስፍቀው ይደማል። ምራቅ ስውጥ ደረቴ ድረስ ያቃጥለኛል። ከሁሉ የከፋው ግን ጨው መለየት አቃተኝ። ለወጥ ሠሪ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ወጥ ሠሪ ያውቀዋል። አንድ ደንበኛ ቀይ ወጡን መለሰው። ኛማል በማንኪያ ቀመሰችና "እትዬ፣ ይሄ ወጥ አይደለም፣ ቀይ ባሕር ነው" አለችኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሳልጠይቃት ድስት ሁሉ ላይ ቀድማኝ ትቀምስ ነበር። ቀሚሶቼ ሰፉኝ። ሰባ ሁለት ኪሎ የነበርኩት አርባ ዘጠኝ ገባሁ። ጉልበቶቼ አብጠው ደረጃ መውጣት አቃተኝ። ሰው ሲጠይቀኝ "ጁባ ሙቀቱ ነው" እል ነበር።

ከዚያ ወደቅኩ።

ጠዋት ነበር። ሽንኩርት እየላጥኩ። ወለሉ ወደ ፊቴ መጣ። ስነቃ የደንበኛችን ፒክአፕ ላይ ተጋድሜ ነበር፤ ጭንቅላቴ ኛማል ጭን ላይ ነው። ቀሚሴ በደም ርሷል። አፈርኩ። ሞት አጠገቤ ቆሞ እኔ አፈርኩ።

የወሰደችኝ ወደ ጀበል በሚወስደው መንገድ ላይ ወዳለች ትንሽ ክሊኒክ ነው። ሐኪሙ ላዶ ይባላል፤ የባሪ ጎሳ ሰው ነው፤ ካርቱም የተማረ ቀጭን ሰው፤ ዝግ ብሎ ነው የሚናገረው። በጁባ ዓረብኛ ያወራኛል፤ የሕክምናውን ቃል በእንግሊዝኛ ይለዋል፤ የማይገባኝን ኛማል በአማርኛ ትፈታልኛለች። የጁባ ዓረብኛ አንቺና እርስዎ አይለይም፤ ስለዚህ እሱ እኔን አንቺ እንዳለኝ አድርጌ ነው የምጽፈው።

ግሉኮስ ሰቀለልኝ። አፌን በባትሪ አየ። "ካንዲዳ" አለ። "ፈንገስ ነው። ማማ፣ የኤች አይ ቪ ምርመራ ማድረግ አለብን።"

እሺ አልኩ። ውጤቱ እስኪመጣ ሃያ ደቂቃ ነው። ጣሪያው ላይ የቆርቆሮ ምስማር ቆጠርኩ። ኛማል እጄን ይዛኛለች። ዶክተሩ መጣ። "የለብሽም" አለ። ኛማል ተነፈሰች። እኔ ገና አልተነፈስኩም፤ ፊቱ አልተፈታምና።

"ካልሆነ ታዲያ ከየት መጣ?" አለ፤ ለራሱ የሚናገር ይመስል ነበር። "ይሄ ፈንገስ ሁላችንም ውስጥ በጥቂቱ አለ። እንዲህ የሚገንነው አንድ ነገር ቦታ ሲለቅለት ነው። ማማ፣ ምን ደዋ ስትወስጂ ነበር?"

ደዋ መድኃኒት ማለት ነው፤ ይሄን ለመረዳት አስተርጓሚ አልፈለግኩም።

"ሁለት ጊዜ ብቻ የሆድ ክኒን ወስጃለሁ" አልኩ በአማርኛ፤ ኛማል እንድትነግርልኝ።

ኛማል አልተረጎመችም። አየችኝ። ከዚያ ተነሥታ ወጣች። ከአንድ ሰዓት በኋላ በቦዳ ቦዳ፣ በኪራይ ሞተር ሳይክል፣ ተመለሰች፤ በጉያዋ የዱቄት ወተት ጣሳውን ይዛለች። ክዳኑን ከፍታ ዶክተሩ ጠረጴዛ ላይ ገለበጠችው። ማሸጊያዎቹ እየተንሿሹ ወረዱ፤ አንዳንዱ መሬት ድረስ ተበተነ። ዶክተር ላዶ እየደረደረ ቆጠራቸው። ሠላሳ አንድ።

"ይሄን ሁሉ ማን ዋጠው?"

ጣቴን ወደ ራሴ ቀሰርኩ።

"ከስድስት ወር በፊት ለልጄ ወተት ፈልጌ ከፍቼው ነበር" አለችኝ ኛማል። "ራስሽ ትነግሪኛለሽ ብዬ ጠበቅኩ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፤ ተቆጪኝ ከፈለግሽ።"

አልተቆጣኋትም። አለቀስኩ። ያን ጣሳ ይዛ ባትመለስ ኖሮ ይህን የምጽፍ አይመስለኝም።

ዶክተሩ ማሸጊያዎቹን ወደ ጎን ሰብስቦ ረጋ ብሎ አስረዳኝ። አንቲባዮቲክ ጠላቱን ብቻ መርጦ አይገድልም። አንጀት ውስጥ ቁጥር ስፍር የሌላቸው ባክቴሪያዎች አሉ፤ ብዙዎቹ ወዳጆች ናቸው፤ ቦታ በመያዝ ብቻ ፈንገሱን ልክ ያስገቡታል። እነሱ ሲያልቁ ሜዳው ለፈንገሱ ነው። "ደሙን ግን ፈንገስ ብቻውን እንዲህ አያመጣውም" አለ። "ከሥሩ ሌላ ነገር አለ። አንጀትሽ በካሜራ መታየት አለበት፤ እኛ ጋ መሣሪያው የለም። ካምፓላ ትሄጃለሽ። ነገ። ክኒኑ ደግሞ ከላስ።" ከላስ፣ በቃ።

ካምፓላ ብቻዬን ሄድኩ፤ ኛማል ቤቱን መያዝ ነበረባት። ኮሎኖስኮፒ አደረጉልኝ። የአንጀት ሐኪሟ ሥዕሉን አሳየችኝ። ትልቁ አንጀቴ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቆስሏል። ሲነኩት ይደማል። ለባዮፕሲ ምርመራ ከቁስሉ ቁራጭ ወሰዱ። ስሙ አልሰሬቲቭ ኮላይቲስ ነው አሉኝ፤ የሰውነት መከላከያ የገዛ አንጀቱን የሚያቆስልበት በሽታ። ታይፎይድ አልነበረም። አሜባ አልነበረም። ሰገራዬ ሲመረመር ካንዲዳ በብዛት ተገኘበት። አንቲባዮቲክ ባበዛ ሰው ላይ የሚነሣ ሌላ ክፉ ባክቴሪያ እንዳለም ፈለጉ፤ እሱስ አልነበረም።

የአንጀቱን ቁጣ የሚያበርድ ስቴሮይድ በደም ሥር ጀመሩልኝ። ለአፌና ለጉሮሮዬ ፍሉኮናዞል የሚባል የፈንገስ መድኃኒት ሰጡኝ። ሐኪሟ አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ አለች።

"አምስት ቀን እናያለን" አለችኝ። "ካልሠራ ትልቁን አንጀት እናወጣዋለን። ሰገራ በሆድሽ በኩል ወደ ከረጢት ይወጣል። ብዙ ሰው እንዲያ ሆኖ ይኖራል።"

ብዙ ሰው እንዲያ ሆኖ በደህና እንደሚኖር አሁን አውቃለሁ። ያን ቀን ግን ጆሮዬ ውስጥ የገባው "እናወጣዋለን" ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ቀን፣ አሥራ አራት ጊዜ ሽንት ቤት። ደም። ሁለተኛው ቀን፣ አሥራ አምስት። ደም። ጸሎት ጀምሬ መሐሉ ይጠፋብኛል። የማርያምን ስም ብቻ ጠርቼ እተወዋለሁ።

በሁለተኛው ቀን ማምሻውን ኛማል ደወለች። "እትዬ፣ ሊጡ ተነሣ!" ብላ ጮኸች። ምን ሊጥ ነው የምትለው? እርሾ ያመጣችው ከዘሀራ ነው። ዘሀራ ጀበል ገበያ አጠገብ እንጀራ ጋግራ ለሆቴሎች የምታከፋፍል የወሎ ሴት ናት፤ ተፎካካሪዬ። እንጀራዋን ሰው ፊት "ካርቶን" ብዬባት ነበር፤ ይህንንም ሰምታለች። ኛማል እኔን ሳታስፈቅድ ሄዳ እርሾ ለመነቻት። ዘሀራ እርሾውን ሰጥታ አላበቃችም፤ ሦስት ጠዋት ሙሉ ራሷ መጥታ ሊጡን አየችው። ስልኩን ተቀበለቻትና፦

"አስካልዬ፣ እርሾ ለጎረቤት አይከለከልም" አለችኝ። "አንቺ ብቻ አላህ ይማርሽና ተነሺ። የካርቶኑን ነገር ስትመጪ እንነጋገራለን።"

ሳቅኩ፤ ስስቅ ሆዴን አመመኝ፤ አመመኝና አለቀስኩ። ነርሷ ክፉ ዜና የደረሰኝ መስሏት እየሮጠች መጣች።

ሦስተኛው ቀን፣ አሥራ አንድ። አራተኛው፣ ስምንት። በአምስተኛው ቀን ጠዋት አምስት ጊዜ ብቻ ነበር የተነሣሁት፤ ደሙም ሽንት ቤቱን አላቀላውም፤ ክር የሚያህል ነበር። ሐኪሟ ሆዴን ጫን ጫን አድርጋ አየች፤ ወረቀቷን አገላበጠች።

"አንጀትሽ ከአንቺ ጋር ይቆያል" አለች።

እጇን ይዤ ሳምኩት። ደነገጠች፤ በእነሱ አገር እንዲህ አይደረግ ይሆናል። እግዚአብሔር ይስጥሽ አልኳት በአማርኛ፤ የተረዳችኝ ይመስለኛል።

ጁባ የተመለስኩት ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ፕሬድኒሶሎን የሚባለውን የስቴሮይድ ክኒን በየሳምንቱ እየተቀነሰ ለወራት ወሰድኩ፤ ሜሳላዚን የሚባለው ክኒን ደግሞ እስከ ዛሬ የዘወትር ጓደኛዬ ነው። ስቴሮይዱ ፊቴን እንደ ድፎ ዳቦ ነፋው። ደንበኞች "ማማ አስካለ፣ ወፈርሽ፣ ኩዌስ!" እያሉ ያደንቁኛል፤ ውፍረት በጁባ የጤና ምስክር ወረቀት ነው። እኔ ደግሞ እንቅልፍ አጥቼ፣ ተነጫናጭ ሆኜ፣ ግን ጨው መለየት ጀምሬ፣ በማንኪያ ጫፍ የቀመስኩት ሽሮ ምላሴ ላይ ሽሮ ሽሮ ሲል ወጥ ቤቴ ውስጥ ብቻዬን ቆሜ እግዚአብሔርን አመሰግን ነበር።

ዶክተር ላዶ ከሥራ ሲወጣ እየመጣ ያየኛል። አንድ ቀን ጓሮ ውስጥ ኛማል የሊጡን በርሜል ስትከፍት አጠገቧ ደረሰ። ሊጡ ዓይን አውጥቶ አረፋ እየደፈቀ ነው። "ይሄ ምንድን ነው የሚያስነሣው?" ብሎ ጠየቃት። እርሾው ነው አለችው። እርሾ ምንድን ነው አላት። እኛ ምን እናውቃለን፤ ከዱሮ ሊጥ የሚቀር ቢጫ ውኃ ነው አልነው። ፈገግ አለና በርሜሉ ጫፍ ላይ ተደግፎ ነገረን፤ እዚያ ውስጥ ፈንገስም ባክቴሪያም አብረው ይኖራሉ አለ። የሚያስነሣው በአመዛኙ ፈንገስ ነው፤ የሚያኮመጥጠው ባክቴሪያው ነው፤ ኮምጣጣነቱ ሻጋታውን ያርቃል። ኛማል ወደኔ ዞረች። "አላልኩሽም?" የሚለውን ቃል በአፏ አላለችውም፤ በቅንድቧ ነው ያለችው።

"እንግዲያው ሆዴ ውስጥ ያለውም ፈንገስ እንደዚህ ነው?" አልኩት።

"ዓይነቱ ይለያያል፤ ነገሩ ግን ይቀራረባል" አለ። "ሁለቱ ሲመጣጠኑ ማንም አይሰማቸውም። አንዱን ወገን ከጨረስሽው ሌላው ይገንናል። አንጀቱ አስቀድሞ የቆሰለ ከሆነ ደግሞ ፈንገሱ ወደ ቁስሉ ይጠጋል፤ የሰውነትሽ መከላከያ እሱን ሲያይ የበለጠ ይቆጣል፤ እብጠቱ ይጨምራል። እብጠቱ ሲጨምር ወዳጅ ባክቴሪያዎቹ ይሞታሉ። እንዲህ እየዞረ ይሄዳል።"

"ታዲያ በሽታውን ያመጣብኝ ክኒኑ ነው?"

ወራት ሙሉ ራሴን ስገርፍበት የኖርኩት ጥያቄ ነው።

እጁን ከበርሜሉ ጫፍ አነሣ። "አላውቅም፣ ማማ። መጀመሪያ ማን እንደገባ፣ ማን ማንን እንዳስቆጣ፣ እኛም ገና አላወቅነውም። በሽታው ሳይሆን አይቀርም ቀድሞ የነበረው። ክኒኑ አባብሶታል፤ ከሁሉ በላይ ግን ስሙን እንዳናውቅ ደብቆብናል።"

"አላውቅም" የሚል ሐኪም ያየሁት ያን ቀን ነው። እንደ ላብራቶሪው ሰው በአንድ ጠብታ ደም ሁሉን አውቃለሁ ቢለኝ ኖሮ ዳግመኛ ባላመንኩት ነበር።

ከዚያ በኋላ የቀረኝ ትልቁ ሥራ ለሰው መናገር ነበር። የዘገየሁበትም እሱ ነው። በመጨረሻ አንድ እሑድ በረንዳው ሞልቶ ሳለ ቆሜ ተናገርኩ፤ የአንጀት በሽታ እንዳለብኝ፣ ስሙን፣ ከሰው ወደ ሰው እንደማይተላለፍ። መጀመሪያ የታመምኩ ቀን የሌላ ሰው ትሪ የበላው ሰው፣ ሹፌር ነው፣ ከጥግ ሆኖ "አይተላለፍም አልሽ?" አለኝ። አይተላለፍም አልኩት። "እንግዲያው ቀይ ወጥ አምጪልኝ፤ ጨውን ግን ኛማል ትቅመሰው" አለ። ሁለት ሦስት ሰዎች ቀርተውብኛል፤ አልዋሽም። ሌሎቹ ግን አልቀሩም፤ እንዲያውም ከመካከላቸው ሁለቱ በኋላ ለብቻቸው ጠርተው እነሱም ደም እንደሚያዩ ነገሩኝ። ወደ ዶክተር ላዶ ላክኋቸው።

የዘሀራንም የካርቶን ዕዳ ከፍያለሁ። ጀበል ሄጄ ከጠዋት እስከ ቀትር ቁጭ ብዬ እንጀራዋን በላሁ። "እንዴት ነው?" አለችኝ። "ትንሽ ይደርቃል" አልኳት። ሳቀች፤ ከዚያ ወዲህ ወዳጆች ነን።

ሁሉም ነገር ቀጥ ብሎ አልሄደም። በሁለተኛው ዓመት ጤነኛ የሆንኩ መስሎኝ ሜሳላዚኑን በራሴ ሥልጣን አቆምኩ። በአርባ ቀኑ ደሙ ተመለሰ። ዶክተሩ ተቆጣኝ፤ ኛማል ከሱ ብሳ ተቆጣችኝ፤ እንደገና ስቴሮይድ ጀመርኩ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ጥርሴ መግል ይዞ አንቲባዮቲክ የግድ አስፈለገኝ። ፈራሁ። ዶክተር ላዶ "መድኃኒቱ ጠላትሽ አይደለም፤ ያለ ሐኪም መውሰድሽ ነው ጠላትሽ" ብሎ መርጦ፣ ቀኑን ወስኖ ሰጠኝ። ምንም አልሆንኩም።

ለናንተ የምለው ይህን ነው። ሰገራ ላይ ደም ካያችሁ በሳምንቱ ለሐኪም ተናገሩ። ክኒን በጎረቤት ምክር አትዋጡ፤ ስለ ሆዳችሁ የምታውቁት ከእኔ አይበልጥም፣ እኔ ደግሞ ምንም አላውቅም ነበር። የዋጣችሁትን ሁሉ ለሐኪሙ ንገሩት፣ የሚያሳፍረውንም። የሚያመው ወቅት ሲመጣ ሚጥሚጣና ወተት ራቁ፤ ሩዝና ቀጭን ሽሮ ይበቃል፤ ደህና ስትሆኑ የሚስማማችሁን ሆዳችሁ ራሱ ይነግራችኋል። እርሾ እየጠጡ ለመዳንም አትሞክሩ፤ አንድ ዘመዴ ታሪኬን ሰምቶ ይህንኑ ሊያደርግ ነበር። ከሁሉ በላይ አንድ ሰው ይወቅላችሁ። ዶክተር ላዶን፣ የካምፓላዋን ሐኪም፣ ዘሀራን አመሰግናለሁ። የኛማልን ምስጋና ግን በወረቀት አልጨርሰውም።

በሽታው በያዘኝ ዓመታት የትም ቦታ ስደርስ ከሰላምታ በፊት የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነበር፤ "አደብካና ወይን?" ሽንት ቤቱ የት ነው? ቤተ ክርስቲያን፣ ገበያ፣ ለቅሶ፣ ሰርግ። ይህ በሽታ ያለበት ሰው ይገባዋል። ያለ መልሱ አልቀመጥም ነበር።

በፈረንጆቹ 2011 ጥር ወር፣ ደቡብ ሱዳን ትገንጠል አትገንጠል ሲባል፣ ኛማል ስለ አገሯ ድምፅ ልትሰጥ ስትሄድ አብሬያት ሄድኩ። የኔ ድምፅ አልነበረም፤ ምግብ ልይዝላት ነው። ሰልፉ ከትምህርት ቤቱ ግቢ ወጥቶ መንገዱን ይዟል። ፀሐዩ ከባድ ነበር፤ ሰው ግን ይዘፍናል፤ አሮጊቶች በእልልታ ያጅባሉ። ከጠዋት እስከ ቀትር አብሬያት ቆምኩ። የቋጠርኩትን እንጀራ ለፊተኛውም ለኋለኛውም አቃመስን፤ አወራን፤ ሳቅን። በመጨረሻ ገብታ ወጣች፤ ጣቷ በቀለም ጠቁሯል፤ ዓይኗ እንባ ሞልቷል። አቀፍኳት።

ወደ መንገዱ ስንወጣ ቀና ብላ አየችኝና "እትዬ፣ ዛሬ አደብካናው የት ነው ሳትዪ ዋልሽ እኮ" አለችኝ።

ቆምኩ። ዞር ብዬ ግቢውን አየሁት። እውነትም የት እንደሆነ አላውቅም ነበር።